ሐምሌት ዘገየ አትበሉ

የሼክስፒር «ሐምሌት» በተነሣ ቁጥር አንድ ክስ አብሮ ይነሣል። የዴንማርኩ ልዑል ሐምሌት ወላዋይ ነበር፤ የአባቱን ገዳይ እያወቀ ሲፈላሰፍ ጊዜውን ፈጀ፤ ቶሎ ቆርጦ ቢነሣ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ ይባላል። ሎሬንስ ኦሊቪዬ በ1948 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ለምርጥ ፊልም ኦስካር ያስገኘው «ሐምሌት»ም ገና ሲጀምር፣ ታሪኩ ሐሳቡን መቁረጥ ያቃተው ሰው ታሪክ ነው ብሎ ለተመልካቹ ያውጃል። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው፤ ከስሕተትም በላይ አደገኛ ነው። በቀልን ከደሙ ነጻ አውጥቶ ጥፋቱን ሁሉ በማመንታት ላይ ይደፈድፋልና።

እስቲ ሐምሌት ሳያመነታ የሠራውን እንይ። በእናቱ እልፍኝ ሳለ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ሰማ። ማን እንደሆነ ሳያጣራ ሰይፉን መዝዞ ወጋ። መጋረጃው ሲገለጥ የወደቀው የአባቱ ገዳይ፣ አጎቱ ንጉሥ ክላውዲየስ ሳይሆን ሽማግሌው ፖሎኒየስ ነው፤ የሚወዳት የኦፊሊያ አባት። ተቺዎች የሚመኙለት ፍጥነት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ኦፊሊያ አእምሮዋን ስታ ውሃ ውስጥ ሞተች። ወንድሟ ላየርቲስም የአባቱን ደም ሊመልስ ከፈረንሳይ ገሥግሦ መጣ። ለአንድ ሟች የተመዘዘ ሰይፍ ሌላ ደመኛ ወለደ።

ከዚህም የከፋ አለ። ተገልጦለት በቀልን የጠየቀው የአባቱ መንፈስ አምርሮ ያለቀሰው ስለ መገደሉ ብቻ አልነበረም፤ ንስሐ ሳይገባ፣ ኃጢአቱን ሳይናዘዝ መሞቱ ነበር ያንገበገበው። ሐምሌት ግን ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ፣ ክላውዲየስ እሱን ለማስገደል የጻፈውን ደብዳቤ ሰርቆ በሌላ ተካው፤ ደብዳቤውን የያዙት የልጅነት ጓደኞቹ ሮዘንክራንዝና ጊልደንስተርን እንዲገደሉ አዘዘ። ለንስሐ እንኳ ጊዜ እንዳይሰጣቸው ጨምሮ ጻፈ። ደብዳቤውን ያተመውም በአባቱ ማኅተም ነው። በአባቱ ላይ ተሠራ ብሎ የሚበቀለውን ግፍ በራሱ እጅ ደገመው። በቀል ሰውን ከሚጠላው ሰው ጋር የሚያመሳስለው እንዲህ እያደረገ ነው።

ፈጣን ተበቃይ ማየት ለሚሻ ላየርቲስ አለለት። ጠላቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን ለማረድ ዝግጁ ነበር። አላመነታም፤ አልጠየቀም። ክላውዲየስም ችኮላውን አይቶ መሣሪያ አደረገው፤ ላየርቲስ ራሱ መርዝ የቀባውን ሰይፍ አስጨብጦ ወደ ግጥሚያ ላከው። ላየርቲስ በዚያው መርዝ ሞተ። መጨረሻ ላይ ከሐምሌት ጋር ይቅር ተባባሉ፤ ሽማግሌዎች አስቀድመው ሊያስታርቋቸው የሚችሉ ልጆች የታረቁት ሲያጣጥሩ ነው።

ሦስተኛም ልጅ አለ፤ የኖርዌዩ ፎርቲንብራስ። አባቱን የገደለው የሐምሌት አባት ነው። ጦር አሰባስቦ ተነሥቶ ነበር፤ አጎቱ ሲገሥጸው ግን ዳግመኛ በዴንማርክ ላይ መሣሪያ አላነሣም ብሎ ማለ። ቅዱስ አይደለም፤ ለቁራሽ መሬት ጦር ወደ ፖላንድ ይነዳል። ነገር ግን ከሦስቱ የተገደሉ አባቶች ልጆች በሕይወት የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ የዴንማርክም ዙፋን የደረሰው ለእሱ ነው። ኦሊቪዬ ሐምሌትን በወላዋይነት ሲከስ ፎርቲንብራስንና ሁለቱን ጓደኞች ከፊልሙ ጨርሶ ማውጣቱን ልብ እንበል። ክሱን የሚያፈርሱት ምስክሮች እነሱ ናቸውና።

የታሪኩ ጥንታዊ መነሻም ይመሰክራል። በዴንማርካዊው ሳክሶ ግራማቲኩስ ትረካ አምሌት አዳራሹን ከነሰካራም መኳንንቱ አቃጥሎ፣ አጎቱን ገድሎ ይነግሣል። ሼክስፒር ግን ለተበቃዩ ድሉንም ዘውዱንም ነፈገው።

«ታዲያ ገዳዩ ራሱ ንጉሥና ዳኛ ሲሆን ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ክላውዲየስ ራሱ ለላየርቲስ እንደነገረው፣ ሐምሌትን ለፍርድ ያላቀረበው አንድም ሕዝቡ ስለሚወደው ፈርቶ ነው። ሐምሌት ይህን የሕዝብ ፍቅር አንድ ቀን አልተጠቀመበትም። የአባቱን ግድያ በሚመስል ተውኔት አጥምዶ ንጉሡን በመኳንንቱ ፊት ካስበረገገው በኋላ እንኳ እውነቱን ለጉባኤው አልተናገረም። መንፈሱ የጠየቀው ፍርድ ሳይሆን ደም ነበርና ሌላ መንገድ አልታየውም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቱን ወደ አማርኛ ሲመልሰው ደም መልስ የተባለው ልጅ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ገና ጡት ሳይጥል አባቱ የተገደለበት ሕፃን «ደመኛህ እገሌ ነው» እየተባለ የሚያድግበት አገር ነው ያለን። ካልገደለ ወንድ አይደለም ይባላል፤ ከገደለ ደግሞ እስር ቤት ወይም ስደት፣ ለልጁም ሌላ ደመኛ። በዚያው ባህል ውስጥ ግን የወሎ አበጋሮችና በየአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎች በካሳና በመሐላ ደም ያደርቃሉ። የምንፎክረው ለገዳዩ ነው፤ ቤተሰብ ያተረፉት ግን እነሱ ናቸው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ መርሳትም አይገባም። ሐምሌት ሊሞት ሲል ወዳጁን ሆሬሺዮን የለመነው ታሪኩን እንዲናገርለት ነው፤ እንዲበቀልለት አልጠየቀውም። ስለዚህ ይህን ተውኔት የሚያስተምርም የሚያዘጋጅም ሁሉ «ለምን ዘገየ?» ማለቱን ይተው። የሞተ አባት በሕያው ልጅ ላይ የግድያ ዕዳ የመጫን መብት ከየት አገኘ ብሎ ይጠይቅ። አባቱ ለተገደለበት ልጅም በግልጽ እንንገረው፦ ገዳዩ ለፍርድ ይቅረብ፣ እኛም ምስክር እንቁም፤ ያንተ ሕይወት ግን የማንም ደም ማካካሻ አይደለም።