ምስጡ የማን ነው? የአከራይ ወይስ የተከራይ?

ኢኮኖሚክስ ስንማር አንድ ሐሳብ ነበር፦ ችግሩን የሚያየው አንድ ሰው፣ ወጪውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን አለፍነው። ትርጉሙ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ኪራይ ቤት ውስጥ ምስጥ ሲገባ ነው።

ምስጡን ቀድሞ የሚያየው ተከራይ ነው። እሱ ደግሞ «ነገ ለምለቀው ቤት ምን አስጨነቀኝ» ይላል፤ አለዚያም ከተናገርኩ ኪራይ ይጨመርብኛል ብሎ ይፈራል። አከራዩ በበኩሉ ኪራዩ በወሩ እስከገባለት ድረስ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ማወቅ አይፈልግም። ሁለቱ ዝም ሲባባሉ ምስጡ ሥራውን ይሠራል። በኋላ የበሩ መቃን በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ተከራዩም ቢሆን አያመልጥም፤ ቁምሳጥኑ፣ መጽሐፉ፣ በካርቶን አድርጎ መሬት ላይ ያስቀመጠው የትምህርት ማስረጃ ሳይቀር ይበላል።

ይህ የገጠር ችግር ብቻ አይደለም። ምዕራብ ወለጋ ምስጥ እርሻና ቤት በማጥፋት ለብዙ ዓመታት የታወቀ አካባቢ ነው፤ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባም ብዙዎቻችን የምንከራየው ሰርቪስ ቤት በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ብሎኬት ቤትም ቢሆን በሩ፣ ኮርኒሱና ዕቃው እንጨት ነው።

ታዲያ መጀመሪያ የመጣባችሁን ለዩ። እንጨት የሚቦረቡር ጉንዳንም አለ። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ነው። ምስጥ ወገብ የለውም ማለት ይቻላል፤ አንቴናው ቀጥ ያለ፣ ሰውነቱ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥተው ወደ መብራት የሚመጡትንም ተመልከቱ፤ የምስጥ አራቱ ክንፎች እኩል ናቸው፣ የጉንዳን ግን የፊቶቹ ይረዝማሉ።

ጉንዳኑ እንጨት አይበላም። ጎጆ ለመሥራት ይቦረቡርና ብናኙን ወደ ውጭ ይጥለዋል። ስለዚህ ከኮርኒስ ወይም ከመስኮት ሥር ንጹሕ የእንጨት ብናኝ ካያችሁ ጉንዳንን ጠርጥሩ። የራሰ እንጨት ስለሚወድ የሚያፈስ ጣሪያ ወይም ቧንቧ መኖሩን እዩ። ምስጥ ግን እንጨቱን ራሱን ይበላል። አየር ስለሚያደርቀው ግድግዳ ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ፣ በውስጡ ተሸሽጎ ይሄዳል። እንጨቱን በጠመንጃ መፍቻ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። የጭቃውን መንገድ በትንሹ አፍርሱትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሱ፤ መልሶ ከሠራው ገና እዚያው አለ።

ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። የሚታየውን ምስጥ ይረጫል፣ ይሞታል፣ ደስ ይለዋል። ንግሥቲቱ ግን አፈር ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች ናት፤ የሞተውን ትተካለች። ከዚህም የባሰው በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ፣ ስሙ የማይታወቅ የእርሻ ኬሚካል መኝታ ቤት ውስጥ መርጨት ነው። ምስጡን ሳይጨርስ ልጆችን ሊመርዝ ይችላል። የሚሠራው አፈሩንና መሠረቱን በባለሙያ ማከም፣ እንጨት ከአፈር እንዳይነካካ ማድረግ፣ የማገዶ ክምርን ከግድግዳ ማራቅና እርጥበትን ማድረቅ ነው።

ይህን ማን ይክፈል? የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መሠረቱና ግድግዳው የአከራዩ ሀብት ስለሆነ ሕክምናውም የእሱ ነው። ሳይዘገይ ማሳወቅ ደግሞ የተከራዩ ግዴታ ነው። «ኪራዩ ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው» የሚሉ አከራዮች አሉ። እሺ፣ ግን መቃን ከመቀየር ጣሪያ መቀየር ይበልጣል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ዝምታው ከሁሉ በላይ የሚያከስረው ራሱን ባለቤቱን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። 2 ዓመት ለምስጥ ብዙ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት የበር መቃኑን፣ የግድግዳውን ጥግና ኮርኒሱን በስልካችሁ መብራት እዩ፤ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ ላኩ። ቀኑ ስለሚመዘገብ በኋላ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል ክርክር አይነሳም። ውሉ ላይም አንድ መስመር አስጨምሩ፦ የምስጥ ሕክምና የአከራይ፣ ማሳወቅ የተከራይ።

ቤት ስናይ ስለ ውሃና ስለ መብራት ቆጣሪ እንጠይቃለን። ስለ ምስጥም እንጠይቅ፤ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።