ከሮቦቱ በፊት መምህሩ

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን የሚያስችለውን መርሐ ግብር ካስጀመረ ወዲህ፣ ቃሉ ከባለሙያዎች መንደር ወጥቶ የየቤቱ መነጋገሪያ ሆኗል። ክረምት ሲመጣ ወላጆች ልጆቻቸውን የት እንደሚያስመዘግቡ ይጠያየቃሉ፤ አቅም ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ሮቦቲክስ ማስተማራቸውን በማስታወቂያቸው ላይ ጎላ አድርገው ይጽፋሉ። ጉጉቱ መልካም ነው። እኔም ፕሮግራሚንግና ሮቦቲክስ ለተመረጡ ልጆች ብቻ ሳይሆን በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ላለ ተማሪ ሁሉ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለሮቦት መግዣ ሳይሆን ለመምህራን ሥልጠና ነው። የዚህ ትምህርት ትልቁ ትርፍ ልጁ የራሱን ስህተት ፈልጎ ማግኘትንና ማረምን መልመዱ ነው፤ ይህን ደግሞ ከካርቶን የሚወጣ ዕቃ ብቻውን አያስተምርም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ቡድን፣ ግድግዳ ጋ ለመድረስ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀራት የምትቆም ትንሽ መኪና ሠራ እንበል። መኪናዋ ላይ የተገጠመው ሰንሰር በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ጊዜውን በፍጥነቱ አባዝቶ ርቀቱን ማግኘት ይቻላል። ልጆቹ ግን ድምፁ የሄደው ደርሶ መልስ መሆኑን ዘንግተው ለሁለት ሳያካፍሉ ቀሩ። መኪናዋም 20 ሴንቲ ሜትሩን አልፋ 10 ላይ ቆመች። አንዱ «ባትሪው ደክሟል» ይላል፣ ሌላዋ «ሰንሰሩ ተጣሟል» ትላለች። ማስመሪያ አምጥተው ሲለኩ፣ 30 ላይ ያለው ግድግዳ 60፣ 40 ላይ ያለው 80 ሆኖ ይነበባል። ሁሉም ቦታ ላይ እጥፍ ነው! እንግዲያው ጥፋቱ ከባትሪውም ከሰንሰሩም ሳይሆን ከሒሳቡ ነው። ይኸው ስህተት ደብተር ላይ ተሠርቶ ቢሆን፣ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበት ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይታለፍ ነበር። እዚህ ግን ሥራው የሚጀመረው ከስህተቱ ነው።

ይህ ጥቅም ታዲያ በራሱ ጊዜ የሚመጣ አይደለም። የሒሳብና የትምህርት ምሁሩ ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ልጆች ኮምፒውተርን በማዘዝ ማሰብን እንደሚማሩ ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ፒ እና ከርላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሎጎ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለአንድ ዓመት የሠሩ ልጆችን ሲፈትኑ፣ ሥራን በማቀድ ችሎታ ካልተማሩት የተሻሉ ሆነው አላገኟቸውም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የ105 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ፣ ፕሮግራሚንግ የተማሩት በሌሎች የአስተሳሰብ ፈተናዎችም መጠነኛ ብልጫ እንዳላቸው አሳይቷል። እኔ እነዚህን ግኝቶች አብሬ ሳነባቸው የምረዳው፣ ልጅን ከኮምፒውተር ጋር ትቶ መሄድ ብዙ እንደማይፈይድ ነው። «ለምን እንዲህ ሆነ? በምን አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል።

መምህሩን የማስቀደሙን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ዋጋውን ከፍሏል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮምፒውቲንግን ከአምስት ዓመት ልጆች ጀምሮ የሥርዓተ ትምህርቷ አካል አደረገች። በሦስት ዓመቱ የአገሪቱ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ብዙ መምህራን ትምህርቱን ለመስጠት በራሳቸው እንደማይተማመኑ አስታወቀ፤ መንግሥትም መምህራን ለማሠልጠን 84 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። እኛም ከራሳችን የምንማረው አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን በሳተላይት ያስተምር ነበር፤ ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ግን መምህሩ ስርጭቱን ማስቆምም ማስደገምም አይችልም ነበር። መሣሪያው ቀድሞ መምህሩ ወደ ዳር ሲገፋ የሚሆነውን ያኔ አይተነዋል።

«መሠረታዊው ትምህርት ሳይያዝ ምን ዓይነት ሮቦት ነው?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸውን አላቃልለውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሮቦቲክስ ከሒሳብ ላይ ሰዓት የሚቀማ ቢሆን እኔም እቃወመው ነበር። ግን ሒሳቡን ራሱን መለማመጃ ሊሆን ይችላል። ስክራች በተባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ሥዕሉ የሚንቀሳቀሰው በአግድሙ ከ-240 እስከ +240 ባለው መስመር ላይ ነው፤ የቁጥሩ ምልክት ከተሳተ ሥዕሉ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፣ ልጁም እዚያው ያየዋል። እርግጥ ነው፣ ሒሳብን ከስክራች ጋር አዋህዶ በእንግሊዝ በተካሄደ ሰፊ ሙከራ ልጆቹ በፕሮግራሚንግ አስተሳሰብ ቢሻሻሉም የሒሳብ ፈተና ውጤታቸው ከሌሎቹ አልበለጠም። ስለዚህ የማትሪክ ውጤትን ያሳድጋል ብዬ ቃል አልገባም። ግን ከሌሎቹም አላነሰም፤ ሰዓታቸው አልባከነም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመብራትና የገንዘብ ነው። ኮምፒውተር የሌለበት ትምህርት ቤት ምን ያድርግ? በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያለ ኮምፒውተር የሚሰጡ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርቶችን አዘጋጅቶ ለዓለም ካካፈለ ቆይቷል። የእኛ መምህር ደግሞ ቡና ማፍላትን መነሻ ማድረግ ይችላል። ቡና አይቶ ለማያውቅ ሰው «ቁላ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። እስከ መቼ? «ካልጠቆረ አማስል፣ ከጠቆረ አውርድ» ሲባል ልጁ ሁኔታን መፈተሽንም ድግግሞሽንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተማረ። አንዱ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ሌላው የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማል፤ የተዘለለው ነገር ወዲያው ይጋለጣል። ኮምፒውተር ሲገኝ ደግሞ ስክራች በአማርኛም ስለሚሠራ፣ ሐሳቡን ለመያዝ እንግሊዝኛው እስኪጠነክር መጠበቅ አያስፈልግም።

«አሁን እኮ ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈዋል» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ለእኔ የተቃራኒው ማስረጃ ነው። ማሽኑ ይጽፋል፤ ይሳሳታልም። ለሁለት ማካፈልን የዘነጋ ኮድ አሳምሮ ጽፎ ሊያቀርብ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ የቀረበለትን መፈተሽ ያልለመደ ትውልድ የተሰጠውን ሁሉ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ትምህርት ቢሮዎችና የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሥራውን ከመምህሩ ይጀምሩ። የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ራሳቸው ሠርተው፣ ተሳስተው፣ አርመው ይሠልጥኑ። ቀጥሎ ያለ ኮምፒውተር በወረቀት የሚሠራው ልምምድ ይምጣ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ፣ በመጨረሻም ለየቡድኑ አንድ ርካሽ ሮቦት። ውጤቱንም በተገዛው ዕቃ ብዛትና በውድድር ዋንጫ አንለካው። መኪናቸው ከታሰበው ቦታ አልፋ ስትቆም፣ መምህራቸው እስኪመጣ ሳይጠብቁ ማስመሪያ ይዘው ወለሉ ላይ የሚንበረከኩ ልጆች ስንት ናቸው? እነሱን እንቁጠር።