ገመዱ ጅቡቲ ደርሷል፤ ሐኪሙስ ለሳንባ ሕሙማን ደርሷል?

በሞቃቱ ወራት ኻምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራ አዘል ነፋስ በጅቡቲ ከተማ ላይ ሲነፍስ የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። አስም ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው በዚህ ጊዜ ከባልባላ ተነሥቶ ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል መሄድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ በስልክ የሚደረግ የሕክምና ክትትል ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው አገልግሎቱ በዚህች ከተማ በእርግጥ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

ችግሩ የጅቡቲ ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው። የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄደው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ደግሞ በ2021 የ3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከ70 ዓመት ዕድሜ በፊት በዚህ በሽታ ከሚሞቱት መካከል 90 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሁለቱም ሕመሞች ፈጽመው ባይድኑም ባልተቋረጠ ክትትል ሊገቱ ይችላሉ።

ስልክ ምን ይሠራል?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2018 ለአስምና ለሳንባ ሕሙማን ያወጡት የጋራ መመሪያ ረቂቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በእጅ ስልክ በሚላክ መልእክት ላይ ያተኮረ ነው። ቪዲዮ ባለበት ደግሞ ነርሷ ሕመምተኛው ኢንሄለሩን እንዴት እንደሚስብ በዓይኗ ማየት ትችላለች። ብዙዎች በትክክል ስለማይስቡት መድኃኒቱ ሳንባ ሳይደርስ አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

መሣሪያ ሲጨመር ግን ጥንቃቄ ያሻል። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ሕሙማን ላይ እጥረቱን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በነጮቹ ላይ ከታየው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ ሐኪሙ በስልክ የተነገረውን ቁጥር ብቻ አምኖ "ደህና ነህ" ሊል አይገባም፤ ሕመምተኛው ትንፋሽ ሳያጥረው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ መቻሉንም ማዳመጥ አለበት።

ዋጋ፣ ቋንቋና ድንበር

ጅቡቲ በርካታ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች የሚያርፉባት ከተማ ናት። ኢሲ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ገመድ በ2010፣ ከሞምባሳ ጋር የሚያገናኛት ዴር ዋን ደግሞ በ2021 ሥራ ጀምረዋል። ሆኖም ገመዱ በባሕሩ ዳርቻ ማለፉ በባልባላ ያለች እናት የቪዲዮ ጥሪ ለማድረግ አቅም አላት ማለት አይደለም። የመንግሥት ኩባንያ የሆነው ጅቡቲ ቴሌኮም ለረጅም ዓመታት ያለ ተፎካካሪ ሠርቷል፤ ነዋሪዎችም በኢንተርኔት ዋጋ ማማረራቸው የቆየ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ቋንቋ ነው። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ሲሆኑ በየቤቱ የሚነገሩት በአብዛኛው ሶማሊኛና አፋርኛ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው በፈረንሳይኛ ከተጻፈ መልእክት ይልቅ በሚያውቀው ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ ይጠቅመዋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደቦች ሲሆን፣ ከከተማዋ መውጫ ፒኬ 12 የከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያ ነው። ለወራት በሚዘልቅ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሾፌር ጋላፊን ሲሻገር የስልክ ቁጥሩን ሊቀይር ይችላል፤ ያን ጊዜ የክትትሉ ክር ይበጠሳል። ነቀርሳው ከዳነ በኋላም የሳንባ ጠባሳና የትንፋሽ ማጠር ሊቀር ስለሚችል ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል። በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ የተሞከረው ኤሌክትሮኒክ የክኒን ሣጥን መከፈቱን ለጤና ባለሙያው ያሳውቃል፤ ክኒኑ መዋጡን ግን አያይም። ሣጥኑ ሳይከፈት ሲውል ደውሎ "ምነው ዛሬ?" የሚል ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ቴክኖሎጂው የጤና ሥርዓቱን ሊያግዝ እንጂ ሊተካ እንደማይችል ነው። በመድኃኒት ቤቱ ኢንሄለር ከሌለ በስልክ የታዘዘው መድኃኒት ከምክር አያልፍም። ጅቡቲና ኢትዮጵያ ሊጀምሩበት የሚችሉት መንገድ ቀላል ነው፦ ነፃ የጥሪ መስመር፣ በሕዝቡ ቋንቋ የተቀዳ መልእክት፣ ድንበር ሲሻገር የማይቋረጥ የሕክምና መዝገብ። ስኬቱም የሚለካው ስንት ሰው መተግበሪያውን በስልኩ ጫነ በሚል አይደለም፤ በሚቀጥለው ኻምሲን ስንት ሕሙማን ከድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ቀሩ በሚለው ነው።