ዶክተር የሚባሉት ነርሶች

በክፍለ ሀገር ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የሚመላለስ ሰው «ዶክተሬ» የሚለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ነርስ ነው። መርምሮ ሕመሙን የሚለየው፣ መድኃኒት የሚያዘው፣ መጠኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ ታማሚው ከቀጠሮው ሲቀር ስልክ የሚደውለውም እሱ ነው። ደመወዙ ግን የነርስ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ታማሚ ከየጠረፉ እጁን ታስሮ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር፤ የመሳፈሪያ ያጣው ደግሞ እዚያው ባለበት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ነርሶችን በሥነ አእምሮ የሚያሠለጥን ፕሮግራም በአማኑኤል ተጀመረ። ተመራቂዎቹም ወደየክፍለ ሀገሩ ሄደው ክሊኒክ ከፈቱ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ሸክም የተሸከሙት ነርሶች ናቸው።

አንዲት የማውቃትን ሲስተር የሚያስቸግራት፣ ሰው እንደሚገምተው፣ የሚማታ ታማሚ አይደለም። እሱን ማረጋጋት ተምራለች። የሚያደክማት ከቤተሰብ ጋር የምታደርገው ድርድር ነው። «ሲስተር፣ ሰንሰለቱን ብንፈታው ይጠፋብናል» ይላታል ልጁን ያሰረ አባት። «አባባ፣ መርፌውን ወስዷል፤ እስከ ማክሰኞ እግሩን ብቻ ፍቱለት፤ ከዚያ እናያለን» ትለዋለች። እናት ደግሞ ልጄ ጸበል ላይ ሳለ ኪኒን አይነካም ብላ ትመጣለች። ሲስተር አትቆጣም፤ «ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ» ብላ ቄሱ ዘንድ ድረስ ትሄዳለች። ይህ ሥራ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ ሰፍሮ አይቼ አላውቅም። ወር ጠብቆ የሚሰጠው መርፌ ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ የስድስት ወር ድካሟ በሦስት ሳምንት ሲፈርስ ታያለች፤ የቤተሰቡንም ቁጣ የምትቀበለው እሷ ናት።

አሁን ሥራው እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አለመ። በጉራጌዋ ሶዶና አካባቢዋ የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «እንግዲህ ነርሷ ምን ታደርጋለች?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ጥናቱ መለኪያ ያደረገው የነርሶቹን ክሊኒክ ነው! ደግሞስ የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ማን ያሠልጥነው? የከበደውን ታማሚ ማን ይቀበለው? ባለሙያው በዓመቱ ተዛውሮ ሲሄድ አዲሱን ከሀ ጀምሮ ማን ያስተምረው? ነርሷ ትናንት ታማሚ ብቻ ነበር የምታየው፤ ዛሬ አሠልጣኝም ተቆጣጣሪም ሆናለች፤ ታማሚዋም አልቀነሰላትም።

በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በአእምሮ ጤና ማስተርስ የሚማሩ ነርሶችም አሉ። ከእነዚህ ወደ ማስተማር ወይም ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሚሄደው አይፈረድበትም። ክሊኒኩ ውስጥ ቢቆይ የሚጠብቀው ዕድገት ጠባብ ነው።

የደመወዝና የደረጃው ጉዳይ በጀትና ጊዜ ይፈልጋል፤ ይሁን። ነገር ግን በየሆስፒታሉ «ድንገተኛ ክፍል ሰው ጎድሏል» እየተባለ የሥነ አእምሮ ነርስ ከክሊኒኩ ይነሣል፤ ቀጠሮ የያዘውንም ታማሚ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህን ለማስቆም በጀት አያስፈልጋችሁም። እባካችሁ ነርሶቹን ከቦታቸው አታንሡብን።