ከአስፋልት ስንወጣ የጎማው ንፋስ ይቀነስ ወይስ ይጠበቅ?

ይቀነስ

የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የጎማ ንፋስ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ያገኛሉ። ፋብሪካው ያን ቁጥር ያሰላው ለአስፋልት፣ ለፍጥነትና ለተወሰነ ጭነት ነው። 35 ፒ.ኤስ.አይ የሚል ከሆነ፣ አዋሽን አልፌ ሚሌ እስክደርስ እኔም ከ35 አልወርድም። የዳናኪል አሸዋ ውስጥ ስገባ ግን ቁጥሩ የተሰላበት መንገድ አልቋል።

ጎማ መኪናውን የሚሸከመው መሬት በነካው ክፍሉ ብቻ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ ይህ ክፍል ያድጋል፤ ብዙ ሰው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል እንጂ ይበልጥ የሚጨምረው ርዝመቱ ነው። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ስለሚያርፍ ጎማው አሸዋውን ሳይቆፍር በላዩ ይሄዳል። ንፋሱን ወደ 18 ያወረደ ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ አካፋ ሳያወጣ ያልፋል። ያላወረደው ሞተሩን እያስጮኸ፣ ክላቹን እያቃጠለ፣ ዲፈረንሻሉ አሸዋ እስኪነካ ይሰምጣል።

ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪኖች ያቋረጠው ንፋስ እየቀነሰ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች በየብስም በባሕርም የሚሄደውን ዳክ የተባለ መኪና ሲሠሩ፣ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የጎማውን ንፋስ እንዲቀንስና እንዲጨምር አድርገው ነው።

እኔን ከአሸዋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ኮረኮንቹ ነው፤ አብዛኛው የገጠር መንገዳችን እሱ ነውና። መሬቱ እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበበት ቦታ ጠንካራ ጎማ ንዝረቱን ሁሉ ወደ አሞርዛተሩ፣ ወደ ባሌስትራውና ወደ ተሳፋሪው ወገብ ያስተላልፋል። ከ35 ወደ 27 ዝቅ አድርጎ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ሹፌር ጎማው ራሱ ንዝረቱን ሲውጥለት ያያል። ጠጠር ላይም ጎማው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ከመንጠር ይልቅ ይቀበለዋል፤ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን ይጨብጣል። ምጥ የያዛትን እናት ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ ብዙውን ጊዜ ላንድክሩዘር ነው። ያቺ እናት በ40 ፒ.ኤስ.አይ በተወጠረ ጎማ ላይ በኮረኮንች ስትሄድ የሚደርስባትን ሥቃይ ለግማሽ ሰዓት በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ንፋስ መቀነስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ለምን እንደምንሰስተው አይገባኝም።

ይጠበቅ

ወንድሜ ስለ አሸዋ የጻፉትን ተቀብያለሁ። የማልቀበለው በአሸዋ የሠራውን ወደ ኮረኮንቹ ማዛመታቸውን ነው።

ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል። የጎማ ስሱ ክፍል ደግሞ ጎኑ ነው። ጥርሱ በኩል ሚስማር የገባበትን ጎማ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ይጠግነዋል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ይጣላል። ወደ ኤርታ አሌ ሲቀርቡ መሬቱ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ ጠርዙ ይቆርጣል። እዚያ ያበጠ ጎን ይዞ የሚገባ ሹፌር በአንድ ስኮርታ አይመለስም።

መኪናችን ባዶውን እንደማይሄድም ረስተዋል። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ፖርቶመጋላው ላይ አሥር ጀሪካን ውሃ የጫነ ሰው 200 ኪሎ አናቱ ላይ አስቀምጧል፤ ሻንጣው፣ ምግቡና ሰዉ ሳይቆጠር። በብዙ መኪኖች ላይ ያ የበሩ ወረቀት ራሱ ጭነት ሲኖር ለኋላ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። እኛ ግን ጭነቱን ጨምረን ንፋሱን እንቀንሳለን!

ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ጎኑ ያለማቋረጥ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ጥርሱን ከውስጠኛው ሽቦ ያላቅቀዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያ ሲሰበስብ፣ አብዛኞቹ የተገጠሙት ለፎርድ ኤክስፕሎረር ነበር። ፎርድ ለዚያ መኪና የመከረው 26 ፒ.ኤስ.አይ ሲሆን ፋየርስቶን 30 ይሻል ነበር ብሎ ተከራክሯል። የጎማው አሠራር የራሱ ችግር ነበረበት፤ ቢሆንም የንፋሱ ማነስ የክርክሩ አካል ሆነ፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ከዚያ ጣጣ ጋር ያያያዙት የሞት ቁጥር ከ250 ይበልጣል። እነዚያ መኪኖች የሄዱት በለስላሳ አስፋልት ነበር።

አሁን ወደ እኛው ቤት ልግባ። ወደ ቆላ የሚወርድ ሹፌር «ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል» ብሎ ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ንፋስ ያጎድላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ ዳናኪል ውስጥ ያለችው ሐመድ ኢላ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ትወርዳለች። ወደ ታች ሲወርዱ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር መለኪያው ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ የሚጨምረው ሙቀት ደግሞ ወደ 4 ፒ.ኤስ.አይ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ይጣፋሉና በማለዳ 36 ሆኖ የወጣ ጎማ እዚያ ቆሞ ሲቀዘቅዝ 36 አካባቢ ያነባል። አስቀድሞ ያጎደለው ሰው ሚሌን የሚያልፈው በጎደለ ጎማ፣ በሙሉ ጭነትና በሙሉ ፍጥነት ነው። እየሄደ የሞቀ ጎማ ጥቂት ቁጥር መጨመሩ የተለመደ ነው፤ እሱን አይተው የሚያስተነፍሱም ያው ጉድለት ውስጥ ይገባሉ።

በዝናብ ወቅት የመረሬ ጭቃም ሌላ ጉዳይ ነው። ጭቃው ጥርሱን ከሞላው ሰፊ ጎማ ምንም አይጠቅምም፤ ሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ ቀጠን ብሎ ሰንጥቆ የሚወርደው ይሻላል።

ይቀነስ፣ በድጋሚ

ስለ ቅላጩ ድንጋይ ልክ ነዎት፤ እዚያ ሲደርሱ ንፋሱ ይመለስ። ከአዲስ አበባ ማጉደልም ስሕተት ነው፤ እኔ የምለው መንገዱ ሲለወጥ ነው። የዘረዘሩት አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከፈጣን ሹፌርና ወደ አስፋልት ከተመለሱ በኋላ ካለመሙላት ነው። ከባትሪ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ኮምፕሬሰርና መለኪያ ከክሪኩ ጎን ይቀመጥ፤ አምቡላንስ የሚያሰማሩ ክፍሎች ይህን እንዲገዙ እለምናለሁ። እናቲቱ ለዚያ ትበቃለች።

ይጠበቅ፣ በድጋሚ

ኮምፕሬሰሩ ይገዛ፤ በእርሱ እስማማለሁ። እስኪገዛ ድረስ ግን መልሶ መሙያ ሳይኖርዎት በኮረኮንች ላይ ቫልቩን አይንኩት። ቀርፋፋ ይንዱ፤ ንዝረቱን ከንፋስ ይልቅ ፍጥነት መቀነስ በርካሽ ይቀንሰዋል።