ከሾፌሩ እግር አጠገብ የሚዞር ብረት

በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 8 ቀን 1970 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ ከሎንግ ቢች ከተማ አጠገብ በነበረው ላይንስ በተባለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ፥ ዶን ጋርሊትስ የተባለው ዝነኛ ተወዳዳሪ የመነሻውን ምልክት ይጠባበቅ ነበር። መብራቱ ተለወጠ፤ ነዳጁን ረገጠ፤ ወዲያው በእግሮቹ መካከል የነበረው ካምቢዮ ፈነዳና መኪናይቱን ለሁለት ከፈላት። የቀኝ እግሩንም ከፊሉን ቆርጦ ወሰደበት። አንድ ተመልካች ደግሞ በፍንጣሪው ክፉኛ ቆሰለ። ጋርሊትስ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ያሰበው፥ ሞተሩ ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው የሚሆንበትን መኪና ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. ሠርቶ ይዞት ቀረበ፥ አሸነፈበትም።

ጋርሊትስ የነዳት መኪና ለውድድር ብቻ የተሠራች ነበረች። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ ወደ ሥራው ይሄድባቸው ስለ ነበሩት መኪናዎች ነው። በ1964 ዓ.ም. ፖንቲያክ የተባለው ድርጅት ለትልልቅ መኪናዎች የሠራውን የ6.4 ሊትር ሞተር በመካከለኛ መኪና ውስጥ አግብቶ ጂ.ቲ.ኦ. ብሎ ሰየመው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ በ1970 ዓ.ም. የሼቭሮሌት ሼቬል 450 የፈረስ ጉልበት አለው እየተባለ ይሸጥ ነበር። አሜሪካኖች ማስል ካር፥ ባለ ጡንቻ መኪና፥ ይሏቸዋል። ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ያላቸውን የገዛ ወጣት፥ አምስት ቀን ቢሮ ይሄድባትና ቅዳሜ ይሽቀዳደምባት ነበር። ዛሬ መኪናዎቹ የሰብሳቢ ሀብት ሆነዋል፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ እስከ አሁን ወደ እሽቅድምድም ሜዳ ይወጣሉ።

በእነዚህ መኪናዎች ሞተርና ካምቢዮ መካከል የደወል ቅርጽ ያለው ቤት አለ። በውስጡ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ክብ፥ በላዩም ፍሪሲዮኑ ይዞራሉ። ፋብሪካው ይህን ቤት ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራው ነበር፤ ሥራውም ካምቢዮውን መሸከምና ቆሻሻ እንዳይገባ መከልከል ነው። የሾፌሩ እግር የሚያርፈው ከዚህ ቤት ጎን ነው፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን የወለል ላሜራና ምንጣፍ ብቻ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የቮላኖው ስፋት 33 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር፥ የቮላኖው ጠርዝ በሴኮንድ 121 ሜትር፥ በሰዓት 435 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው፤ መኪናይቱ ገና ከቆመችበት ባትነቃነቅም እንኳ። ወንጭፍ ያዞረ እረኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ድንጋዩ በክብ የሚሄደው ገመዱ ስለ ያዘው ብቻ ነው። በቮላኖው ዘንድ ገመዱም ድንጋዩም ያው ብረቱ ራሱ ነው። በዚህ ፍጥነት ከጠርዙ ያለችው እያንዳንዷ ግራም በቦታዋ እንድትቆይ፥ 9 ኪሎ ያህል ሊያነሣ የሚችል ጉልበት ሊይዛት ያስፈልጋል። ከጠርዙ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ስባሪ ቢለቅ ደግሞ የሚይዘው ጉልበት 3,600 ጁል ያህል ነው፤ ይኸውም ከወታደር ጠመንጃ አፈ ሙዝ ከሚወጣ ጥይት አያንስም። የሚተኮሰውም ከሾፌሩ ቁርጭምጭሚት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው።

ይህን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ፈጥነው የሚጠይቁኝ «ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈነዳም?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፋብሪካው ቮላኖውን ሲሠራ ሞተሩ በደንቡ ከሚዞረው በላይ እንዲችል አድርጎ ነው። ነገር ግን የሚለያየው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እርሱ አራት እጥፍ ይሆናል። የድሮው ቮላኖ የተሠራበት በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ደግሞ ሲጫኑት ብርቱ፥ ሲስቡት ደካማ ነው። ፍሪሲዮኑ በተንሸራተተ ቁጥር ፊቱ ይግላል፥ መልሶም ይቀዘቅዛል፤ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጡበታል። ከዚያ መካኒኩ ፊቱን ያስልጠዋል፤ ቮላኖው አዲስ መስሎ ይመለሳል፥ ነገር ግን ሳስቷል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስንት ጊዜ እንደ ተላጠ የሚነግር መዝገብ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሾፌሩ ሳያውቀው የሚደርሰው ነው። አንደኛ ማርሹ 2.20፥ የኋላ ዲፈረንሻሉ 4.10 የሆነ መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሦስተኛ አስገባለሁ ሲል በስሕተት አንደኛውን ቢያስገባ፥ ጎማዎቹ የፍሪሲዮኑን ሸራ በካምቢዮው በኩል በደቂቃ 11,700 ጊዜ ያህል ያዞሩታል። ሞተሩ ተለያይቷልና ቆጣሪው ምንም አያሳይም። ሸራው ግን እዚያው በተረገጠበት ሊበታተን ይችላል።

መድኃኒቱ ከወፍራም አረብ ብረት የተሠራ ቤት ነው፤ አሜሪካኖች ስካተርሺልድ፥ የፍንጣሪ ጋሻ፥ ይሉታል። ሌክዉድ የተባለው ኩባንያ በፈሳሽ ብርቱ ግፊት ላሜራውን ቅርጽ እያስያዘ በመሥራት ስሙን አስጠርቷል። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽንም ፍሪሲዮን ያላቸው ፈጣን መኪናዎች ያለ እንዲህ ያለ ጋሻ እንዳይወዳደሩ ደንብ አውጥቷል። ኤስ.ኤፍ.አይ. 6.1 የሚለውን ምልክት የያዘ ጋሻ ለዚህ ሥራ በወጣው መለኪያ የተሠራ ነው። በሞተሩ በኩል ያለችው የብረት ሳህን አብራ መታሰር አለባት፤ እርስዋን የተወ ሰው ግንቡን ሠርቶ በሩን እንደ ረሳ ነው። ጭስ ማውጫው አላሳልፍ አለኝ ብሎ ጋሻውን የሚቆርጥ ወይም የሚበሳም እንዲሁ ገንዘቡን አባክኗል።

በሰብሳቢዎቹ መካከል ያለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። «መኪናዬ ከፋብሪካ እንደ ወጣች መሆን አለባት» የሚሉ አሉ። በእርግጥም ለውበት በሚደረገው ውድድር ዳኞቹ ባዕድ ዕቃ ሲያዩ ነጥብ ይቀንሳሉ። ይህን አልንቅም፤ የጥንቱን ነገር ሳይበርዙ መጠበቅ ክብር ያለው ሥራ ነው። ከዳኛ ፊት ቆማ ተመልሳ በተጎታች ለምትሄድ መኪና አሉሚኒየሙ ይበቃታል። እዚያችኑ መኪና እሑድ ወደ ሜዳ አውጥቶ እስከ 7,000 የሚያስጮኻት ባለቤት ግን የሚከራከረው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሒሳቡ ጋር ነው። ብረቱ ይከብዳል የሚለው ምክንያትም አይረታኝም፤ አዎን፥ ከአሉሚኒየሙ ብዙ ይከብዳል።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ እርሱም መግጠሙ። የጋሻው መካከለኛ ቀዳዳ ከሞተሩ ዘንግ መካከል ጋር በትክክል መገጣጠም አለበት፤ የሚፈቀደው ስሕተት 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ያልለካ ሰው ካምቢዮው ከማርሽ ሲወጣበት፥ ኩሽኔታው ሲበላበት የገዛውን ጋሻ ይራገማል። መካኒኩ በሰዓት መሳይ መለኪያ ዙሪያውን ለክቶ፥ ልዩነት ሲያገኝ ጠማማ ማእከል ያላቸውን ፒኖች እያዞረ ያስተካክለዋል። ግማሽ ቀን የሚፈጅ፥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያን ጊዜ የወጣውን አሉሚኒየም ባለቤቱ በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከነቡሎኖቹ በሣጥን ያኑረው፤ አንድ ቀን መኪናይቱን ሊገዛ የመጣ ሰው የፋብሪካው ዕቃ የት አለ ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።