ፓምፑን መትከልማ ቀላል ነው

እዚህ ቶሮንቶ ምህንድስና የሚማሩ ልጆቻችን “አገር ቤት ሄደን ውኃ እናወጣለን” ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ግን ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ገጠር ያለው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በትልቅ ብልሽት አይደለም፤ ውስጡ ያለችው ጎማ አልቃ ነው። ጎማዋ ወረዳው ላይ ካልተገኘች እናቶች ተመልሰው ወደ ወንዝ ነው። ደግሞ የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋው እዚያ ክረምት ሲሆን ነው። ብዙ ቦታ ውኃ ባለበት ወቅት ደርሶ የሚመለስ ልጅ የመጋቢትን ጥም በምን ያውቀዋል?

እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው የካናዳው “ድንበር የለሽ መሐንዲሶች” ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት ውድቀቱን ራሱ በሪፖርት አሳትሟል። እኛስ? እኔ ራሴ ያዋጣሁበት ጉድጓድ ዛሬ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅ።

የቶሮንቶ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ በማስተማር ስፔሻሊስቶች እዚያው እንዲሠለጥኑ አግዘዋል። ምህንድስናውም በዚሁ መንገድ ይሂድ ባይ ነኝ። ተማሪያችን መጀመሪያ አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ያሻሽል፣ ከዚያ ከወረዳው የውኃ ቴክኒሻን ሥር ሆኖ ፓምፕ ይፍታ፣ ይግጠም። ፎቶው ይደርሳል።